ቁጥር የሌለው ዲስክ

ከብረት ቤቱ የወጣሁት በጣቶቼ ምክንያት ነው። ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ የዳሞት ተራራ ጉም ለብሶ ባደረ ቀን፣ የሁለቱም እጆቼ ጣቶች ከጫፋቸው ጀምረው ነጭ ይሆናሉ። መርፌ ብትወጋኝ አላውቅም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ለነርሷ አሳየኋት።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ግራይንደር ነው የምይዘው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ልጄ ጡት ከጣለች ጀምሮ።»

«ልጅሽ አሁን ስንተኛ ክፍል ናት?»

«ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቃለች።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። የማሽን ንዝረት ዓመት ሲደራረብበት የጣትን ደም ሥር እንደሚጎዳ የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ ደግሞ ጥያቄ ከመጣብኝ መተው አልችልም። ለምን ጫፉ ቀድሞ ነጣ? ለምን በብርድ ይብሳል? አውራ ጣቴንስ ለምን ተወው? እያልኩ ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ አስቆምኩ። «እናት፣ አንቺን ሐኪም ማድረግ ነበር» ብላ ሳቀችብኝ። ሥራውን ተዪ ያለችኝም እሷ ናት።

ግራይንደር የማያውቅ ካለ ልንገረው። በሁለት እጅ የሚያዝ፣ አፉ ላይ ክብ ዲስክ የሚሽከረከርበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ሶዶ ከተማ ውስጥ በርና መስኮት በሚሠራበት ቤት ደጅ ስታልፉ፣ ቢጫ ፍንጣሪ እየረጨ ሲጮህ የሰማችሁት እሱ ነው። ብረት ይቆርጣል፣ ብየዳ ያለሰልሳል፣ ዝገት ይገፋል። ሰውም ይቆርጣል። የነካውን አይጠይቅም።

እኔ ስወጣ በቦታዬ የተቀጠረችው ልጄ ራሄል ናት። አሠሪዬ አቶ ማርቆስ «እጇ ያንቺው ነው፤ ሰኞ ትምጣ» አሉ። ልጅቷ ዘለለች። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም። አንድ ነገር ደብቄያታለሁና። አክስቷ ታደለች ሁለት ጣት የላትም፤ ራሄል የምታውቀው በቢላ እንደተቆረጡ ነው። ቢላ አልነበረም። ሳልነግራት ማሽኑን ከያዘች የእኔን ጥፋት እንዳትደግመው እፈራለሁ፤ ከነገርኳት ደግሞ በምን ዐይን ታየኛለች? ሰኞ እስኪደርስ ያን ሁሉ የሥራ ዘመኔን ከፊቴ አስቀምጬ ሳገላብጠው ሰነበትኩ።

መጀመሪያ የሠራሁት አረካ ነው። ባሌ ታሞ ካረፈ በኋላ አንድ ብረት ቤት ገብቼ ወለል እጠርግ፣ ላሜራ እሸከም ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለልጄ ወተት ይበቃል፤ ስለ ደመወዝ ይኸው ይበቃል። እዚያ ማንም ምንም አላስተማረኝም። አንድ ቀን ግን አንዱ ሠራተኛ ስስ የመቁረጫ ዲስክ ገጥሞ፣ በዲስኩ ጎን ብየዳ ሊያለሰልስ ተጫነው። ጧ! አለ፤ ከዚያ ዝም። ሰውየው ደኅና ነው፣ እኛም ደኅና ነን። ቀና ስንል የጣሪያው ቆርቆሮ ተቀድዶ ፀሐይ ገብታበታለች። ሌሎቹ «ጌታ ይመስገን» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። የዲስኩ ስባሪ ለምን ወደ ላይ ሄደ? ለምን ወደ ጎን፣ ወደ እኔ አልመጣም? ከዚያ ወዲህ እየጠረግሁ በየቀኑ ቀና ብዬ ያንን ቀዳዳ አየው ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ሶዶ መጥቼ አቶ ማርቆስ ቤት ስቀጠር፣ ከጋሽ ዳልኬ ነው። ጋሽ ዳልኬ የብረት ቤቱ አንጋፋ ሠራተኛ ነበሩ። አጭር፣ ጢማቸው በፍንጣሪ የተለበለበ፣ እሁድ እሁድ ከመዘምራኑ ኋላ ቆመው በወፍራም ድምፅ የሚዘምሩ ሰው። ስጠይቃቸው አልሳቁብኝም።

«ብስክሌት ጭቃ ላይ ሲሄድ ጭቃው ወዴት ይረጫል?» አሉኝ።

«ወደ ኋላና ወደ ላይ። የነጂው ጀርባ ላይ።»

«ከጎን ቆሞ የሚያየውስ ሰው?»

«እሱን አይነካውም።»

«እንግዲያው በዲስኩ መስመር ላይ አትቁሚ። ሰውም አታቁሚበት።»

አለቀ። የአረካውን ቀዳዳ በአንድ ብስክሌት ፈቱልኝ።

ከዚያ ብዙ ጊዜ ማሽን አላስነኩኝም። አጠገባቸው ቆሜ እንዳይ ብቻ ነበር የሚፈልጉት። እኔም እንደ ቴያትር አየኋቸው። ዲስክ ሲቀይሩ ሶኬቱን ነቅለው ከዐይናቸው ፊት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል። «ተነቅሏል ብሎ ማሰብና ተነቅሎ ማየት ለየብቻ ነው» ይላሉ። የዲስክ መፍቻዋን ቁልፍ ደግሞ ከሶኬቱ ሥር፣ ገመዱ ላይ በሲባጎ አስረዋታል፤ ቁልፏን የፈለገ ሰው ወደደም ጠላ ሶኬቱን መንቀል አለበት። ይህ የገባኝ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። ሰው እንዲጠነቀቅ ከመለመን ይልቅ መንገዱን አጥረውበታል! አዲስ ዲስክ ሲገጥሙ አፉን ወደ ግድግዳ አዙረው ለጥቂት ጊዜ ባዶውን ያስነሡታል፤ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡታል። ሲያጠፉትም ወዲያው አያስቀምጡትም። ዲስኩ ፈጽሞ እስኪቆም፣ ሞልቶ እንደተቀዳ ኩባያ ይዘውት ይቆማሉ። እየሠሩ ሳሉ ከኋላ መጥቶ ትከሻቸውን የነካ ሰው ያን ቀን ከእሳቸው ሰላምታ አያገኝም።

ልብሴንም ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው። ሻርፔን አስወለቁኝ። ፀጉሬን ኮፍያ ውስጥ አስከተቱኝ። የሹራቤ እጅጌ ላይ የተመዘዘ ክር አይተው በመቀስ ቆረጡት። «የሚዞር ነገር ክር ይወዳል» አሉ። እንዲሁ የሽማግሌ ንግግር መሰለኝ።

እኔ አራተኛ ክፍል አልጨረስኩም። ፊደል እየተደናበርኩ አነባለሁ፤ ቁጥር ግን ከልጅነቴ አያስፈራኝም። ጋሽ ዳልኬ ይህን ያወቁ ቀን አንድ ዲስክ አንሥተው ሰጡኝ።

«ይኼን አንብቢ።» አነበብኩ።

«የማሽኑንስ?» እሱንም አነበብኩ።

«የቱ በለጠ?»

«የዲስኩ።»

«ሁልጊዜ የዲስኩ ይብለጥ። የማሽኑ ቁጥር በደቂቃ የሚሮጠው ዙር ነው፤ የዲስኩ የሚችለው። ፈረስ ከሚችለው በላይ ቢጋለብ ምን ይሆናል?»

«ይወድቃል።»

«ዲስክ ወድቆ አይቀርም፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ ቁጥር ሳላይ የገጠምኩት ዲስክ የለም፤ ከአንዱ በቀር። ኢሳያስ የሚባል በያጅ ነበረን፣ አፉ የማያርፍ። «ብርሃኔ፣ እስቲ የሚስቴን ቁጥር አንብቢልኝ፤ ስትቆጣ ስንት ነው የምትዞረው?» ይለኛል። «የእሷን አላውቅም፤ ያንተ ግን ተፍቆ አልቋል» አልኩት። ጋሽ ዳልኬ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

ማሽኑን ሲሰጡኝ ሥራው ልቤን ወሰደው። ፍንጣሪ ራሱ እንደሚናገር ታውቃላችሁ? ተራው ብረት ረዥም ቢጫ መስመር ይስላል። የመኪና ባሌስትራ ስታስነኩት ግን መስመሩ ጫፍ ጫፉ ላይ እየፈነዳ እንደ አበባ ይበተናል። አልሙኒየም ምንም አይረጭም፤ ዲስኩን ብቻ ይዘጋዋል። ድምፁም እንዲሁ ነው። ስትጫኑት ያቃስታል፣ ስትለቁለት ይዘፍናል። ጋሽ ዳልኬ «አትጫኚው፤ ክብደቱ ይሥራ» ይሉኝ ነበር፤ በጆሮ የሚሠራ ሥራ መሆኑን የተማርኩት ያኔ ነው።

ከጊዜ በኋላ ጋሽ ዳልኬ አርጅተው ወደ አገራቸው ወደ ቤሌ ሄዱ። እኔ ዋናዋ ሆንኩ። አስቸጋሪ ሥራ ሲመጣ «ለብርሃኔ ስጧት» ይባል ጀመር። ይህ ነገር ሳያሳብጠኝ አልቀረም።

ታደለች የወንድሜ ሚስት ናት፤ ጉኑኖ አጠገብ ነው ቤታቸው። ጊፋታ፣ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሲቃረብ ሴቱ ሁሉ እንሰት ላይ ነው። ግንዱ ይፋቃል። ሥሩ፣ አሚቾ የሚባለው፣ ደግሞ እየተቀጠቀጠ ይደቅቃል። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ ወንድ አይነካውም። ያን ዓመት ልረዳት ሄጄ፣ ታደለች አንዱን አሚቾ እስክትጨርስ ስንት ጊዜ ቀና ብላ ወገቧን እንደያዘች አየሁ። እኔ ደግሞ ዝገት ሙልጭ አድርጌ ስገፋ የምውል ሴት ነኝ። አሚቾ ከብረት ይጠነክራል እንዴ? ጥያቄው ገባብኝ፤ አልወጣም አለ።

ሶዶ ተመልሼ ከቁርጥራጭ ላሜራ ክብ አወጣሁ። መሐሉን በሳሁት። ዙሪያውን በመሮ እየመታሁ ጥርስ አበቀልኩለት፤ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ። ያምር ነበር፣ አልዋሽም። የዲስኩ መሸፈኛ ጥርሶቹን አላሳልፍ ስላለ መሸፈኛውን ፈታሁት። በእጄ የሠራሁት ዲስክ ቁጥር የለውም። ቁጥር ስላልነበረው የምፈራበት ነገር አጣሁ።

ትንሹን ግራይንደር ለአቶ ማርቆስ «ለቤቴ በር ነው» ብዬ አስፈቅጄ ወሰድኩ። ወንድሜ ለሥራ ርቆ ሄዷል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ እኔና ታደለች ብቻ ነን። መብራት ከቤት በገመድ እስከ ጓሮ ሳብን። መሬቱ እርጥብ ነበር፤ እሱ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው። አሚቾውን በድንጋይ አስደግፌ ማሽኑን አስጠጋሁት። እንደ አይብ ፈረሰ! ፊታችን ነጣ፣ ፀጉራችን ነጣ።

«ይቺ ጅብ ናት እንዴ?» አለች ታደለች።

«የእኔ ጅብ ናት፤ ካንቺ እንሰት በቀር አትበላም!»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። ወገቧን ሳይሆን ሆዷን። ደስታዬ ወሰን አጣ።

ያ ማሽን ማብሪያው ሲጫኑት ይሠራል፣ ሲለቁት ይጠፋል። እጄ ደከመኝና የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ፈልጌ ማብሪያውን እንደተጫነ አሰርኩት። ብረት ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ያስረዋል። ጋሽ ዳልኬ ሳሉ ያዩትን ሁሉ በምላጭ ይቆርጡት ነበር፤ ከሄዱ ወዲህ የሚቆርጥ አልነበረም።

«እስቲ እኔ ልሞክር» አለች ታደለች።

«ይከብድሻል።»

«አንዱን በጀርባ አንዱን በሆድ ተሸክሜ ውኃ የቀዳሁ ሴት ነኝ! ስጪኝ ባክሽ።»

ሰጠኋት።

ሁለተኛው አሚቾ ጫፉ ላይ የግንዱ ቅሪት ነበረበት። ቃጫው አልወጣም። ዲስኩ ቃጫውን ሲያገኝ መቁረጡን ትቶ ጠመጠመው፤ ዐይን ሳይጠቅስ። ማሽኑ ዘለለ። ታደለች ደንግጣ ለቀቀችው፤ ማንም ሰው ይለቀዋል። ማሽኑ ግን አልቆመም፤ አስሬዋለሁ። በቃጫው እየተጎተተ ዞሮ ወደ እጇ መጣ። እኔ ወደ ሶኬቱ ሮጥኩ። አሥር እርምጃ ነው። አሥሩንም እስከ ዛሬ በየተራ አውቃቸዋለሁ።

የግራ እጇ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ሄዱ።

በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ስንከንፍ እጇን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዣለሁ። የተናገረችው እሷ ናት።

«ቢላ ነው በይ።»

«ምን አልሽ?»

«ቢላ ነው በይ፣ ብርሃኔ። ማሽኑን ከሰሙ ያባርሩሻል። ራሄልን ማን ያበላታል?»

ቢላ ነው አልኩ። ለወንድሜም፣ ለሰፈሩም፣ ለልጄም። በእኛ አገር የእንሰት ቢላ የማታውቅ ሚስት ምን እንደምትባል ወላይታ ያደገ ያውቃል። ሰርግ ሲደገስ፣ ለቅሶ ቤት ሥራ ሲከፋፈል፣ «ለታደለች ውኃ ስጧት እንጂ ቢላ እንዳትሰጧት!» እየተባለ ይሳቃል። እሷም አብራ ትስቃለች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቆጮ እከትፋለሁ።

ቁስሏ ሲጠግግ ዲስኩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቤሌ ወረድኩ። ለምን እንደሆነ ካላወቅሁ መኖር አልቻልኩም። ጋሽ ዳልኬ በራቸው ላይ ተቀምጠው ዲስኩን አገላበጡት። አልተቆጡም። ክርና እርሳስ አምጥተው እርሳሱን አስያዙኝ፤ ክሩን አንድ ዙር ጣሉበትና «አዙሪው» አሉኝ። አዞርኩት። ክሩ ተጠመጠመ፤ ሌላኛውን ጫፍ የያዘውን የእሳቸውን እጅ ወደ እርሳሱ ጎተተው። «ቃጫ ይኼ ነው። ሻርፕም ይኼ ነው፣ የጓንት ክርም ይኼው ነው» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ማብሪያውን ምን አድርገሽው ነበር?»

ዶሮዎቹ በመካከላችን አለፉ።

«አሰርኩት» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ሲደነግጥ እጁ ይከፈታል። ማብሪያው የተሠራው ለዚያ ለሚከፈተው እጅ ነው።»

ይህን ለማንም ሳልናገር ስንት ዓመት ያዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ፈሪ ሆንኩ። ሥራዬን ግን ፍርሃቴ አሻሻለው። ከማስነሣቴ በፊት ዐይኔን ጨፍኜ እጸልያለሁ፤ ኢሳያስ «ዛሬም ጸሎት ነው? ብረቱ አምኖ ሊጠመቅ ነው እኮ!» ይላል። ይበል። ዲስኩ ቢያዝ ወዴት እንደሚዘል፣ ፍንጣሪው ማን ላይ እንደሚወድቅ፣ የሚቆረጠው ብረት ሲጠብ ዲስኩን እንደሚነክስ ሳላስብ አንድም ቀን አልጀመርኩም። የብረት ቤቱን ማሽኖች የማብሪያ እስር ሁሉ በምላጭ ቆረጥኩ። አንድ ነገር ብቻ አልተማርኩም፤ እምቢ ማለት። አንድ ጊዜ ግንባታ ቦታ ልከውኝ መሰላል ላይ ሆነሽ በአንድ እጅ ቁረጪ ተባልኩ። ቆረጥኩ። ልጅ ያላት ሴት እምቢ አትልም ብዬ ነው። ልጅ ያላት ሴት ናት እምቢ ማለት ያለባት፤ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

እንግዲህ ራሄል ሰኞ ሥራ ልትጀምር፣ ቅዳሜ ዕለት ጉኑኖ ሄድኩ። ውሸቱ የሁለታችን ስለሆነ ታደለችን ሳላስፈቅድ መናገር አልቻልኩም። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«ለራሄል ልነግራት ነው» አልኳት።

«አትነግሪያትም» አለች፣ ቀና ሳትል። «ጣቶቹ የእኔ ነበሩ። እኔ እነግራታለሁ። እሁድ ይዘሻት ነይ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «የማብሪያውን ነገር ግን አንቺ ትናገሪያለሽ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ለቅቄው ሲዞር በዐይኔ አይቻለሁ እኮ፣ ሞኝ! ጣት እንጂ ዐይን አልተቆረጠብኝ።»

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሦስታችን ጓሮ ተቀመጥን። ታደለች ነገሩን እንደ ተረት አሳምራ ነገረቻት፤ ጅቧንም፣ ነጭ ፊታችንንም አልተወችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ማብሪያውን ነገርኳት። መሸፈኛውን ነገርኳት። አሥሩን እርምጃ ነገርኳት።

ራሄል መጀመሪያ የጠየቀችው «ጥርሶቹ ስንት ነበሩ?» ብላ ነው። እኔን ናት። «ላሜራው ውፍረቱስ? ወደየት ነበር የሚዞረው፣ ወደ አክስቴ ወይስ ከአክስቴ?» እየጠየቀች በጣቷ መሬት ላይ ሣለችው። ሥዕሉን ስትጨርስ ቃጫው የተጠመጠመበት ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«እማ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው ሲስቅባት እዚያ ተቀምጠሽ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«አንድ ቀን እንኳ ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› አላልሽም።»

«አላልኩም።»

«ተያት» አለች ታደለች። «አንቺን ስታሳድግ ነበር። ሳቁንም ቢሆን ለምጄዋለሁ።»

«አክስቴ፣ አንቺ ብትለምጂው እኔ አልለምደውም» አለች ልጄ። ወደ ሶዶ በሚኒባስ ስንመለስ ከእኔ ራቅ ብላ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ማጅራቷን ብቻ አየሁ።

ሰኞ ጠዋት ሳታናግረኝ ወጣች። ፀጉሯን ግን ኮፍያ ውስጥ አስገብታዋለች፤ አይቻለሁ። እስከ ረፋድ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ሸክላ ድስት አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። በመጨረሻ ምሳ ቋጥሬ ወደ ብረት ቤቱ ሄድኩ፤ ምሳዋን ይዛ መውጣቷን እያወቅሁ።

ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አዳመጥኩ። የግራይንደር ድምፅ የለም። ብየዳ አለ፣ መዶሻ አለ፣ ግራይንደር የለም። የፈራሁት ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አእምሮዬ መጣ። መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም፤ አንዱ ባጃጅ በጡሩምባ ሰደበኝ።

በሩ ላይ አቶ ማርቆስን አገኘኋቸው። ፊታቸው ቀልቷል። ከኋላቸው ራሄል ቆማለች፤ ጣቶቿን ቆጠርኩ። አሥር ናቸው።

«ነይ እስቲ ልጅሽን ስሚልኝ!» አሉ። «የትንሹ ማሽን ዲስክ አልቆብናል። ከትልቁ ማሽን የተረፈ፣ ተፍቆ ያነሰ ዲስክ አለ፤ መሸፈኛውን ፍቺና እሱን ግጠሚ አልኳት። እምቢ አለችኝ! በመጀመሪያ ቀኗ! ደንበኛው መስኮቱን ዛሬ ይፈልጋል።»

«ዲስኩ ላይ ያለው ቁጥር ከማሽኑ ያንሳል» አለች ራሄል። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተቆረጠም። «ተፍቆ ቢያንስም ቁጥሩ ያው ነው። ያለ መሸፈኛ ደግሞ አልይዝም፣ ጋሼ። ካልሆነ ልሂድ።»

ኢሳያስ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያያል። ለአንድ ቀን አፉ ዝግ ነው።

አቶ ማርቆስ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ስንት ዓመት እዚህ ሠርተሽ አንድ ቀን እምቢ ብለሽኝ አታውቂም።»

«እውነት ነው» አልኳቸው። «ማለት ነበረብኝ። እሷ ብላለች። ይሂዱና ዲስኩን ይግዙ።»

አዩኝ። ራሄልን አዩ። ኢሳያስ ወለሉን ያያል። አቶ ማርቆስ የሞተር ብስክሌታቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው እያጉረመረሙ ሄዱ።

ራሄል በርጩማ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኔን አየች።

«እማ» አለችኝ፣ «በጣም እኮ ነው የፈራሁት።»

«ጎሽ» አልኳት።